በአንድ ጉንጫቸው የተቀቡት ድንጋዮች

በመንደሩ ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «ቡርሼ» ነው የሚላት። ቀለም ቀቢ ናት። ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ሲሆን፣ እሳቸውም «ቀለም የሚያምረው ከሥሩ ያለው ሲጸዳ ነው» እያሉ የብርጭቆ ወረቀት አስይዘው አሳደጓት። በመንደሩ እሷ ያልቀባችው በር ቢኖር የዶሮ ቤት በር ነው።

ችግሩ መንደሩ ትንሽ ነው፤ በደንብ የተቀባ በር ደግሞ ቶሎ አያረጅም። ሥራ ሲጠፋ ሕፃን ልጇን ለአማቷ ትታ ከተማ እየወረደች ለወራት ፎቅ ትቀባለች። ባለፈው ስትመለስ ልጅቷ እናቷን አላወቀቻትም፤ አያቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጣ እንደ እንግዳ አየቻት። ቡርሼ አላለቀሰችም። በማግስቱ ከደጇ ሳትርቅ የምትሠራው ነገር መፈለግ ጀመረች።

ብዙም አልራቀባትም። ከመንደሩ ተነሥቶ ሣርና ረግረግ ብቻ ያለበትን ራቁት ኮረብታ የሚወጣ፣ በጀርባው ወደ ግድቡ ውሃ የሚወርድ፣ ከዚያ ዳር ዳሩን ይዞ ወደ መንደሩ የሚመለስ ዙሪያ መንገድ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ በእግር ለመንሸራሸር የሚመጣው ሰው በዝቷል። ጉም ሲወርድ ግን መንገድ ይጠፋዋል፤ መንደርተኛውም ሲፈልገው ይውላል። ቡርሼ የመንደሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ወደሆኑት ዳቦ ጋጋሪ ሄዳ፣

«ጋሼ፣ በመንገዱ ያሉትን ድንጋዮች ነጭ ምልክት ልቀባቸው» አለች።

«እንግዶቹ ምልክትሽን አይተው በሰላም ከተመለሱ መንገዱን መጠበቁ ቋሚ ሥራሽ ይሆናል» አሉ ዱቄቱን ከእጃቸው እያራገፉ። «ከጠፉ ግን ከከተማ መንገድ መሪ እንቀጥራለን። ቅር እንዳይልሽ።»

«አይጠፉም። ከጠፉ በቡርሼ ዳቦዎን ቅቤ ይቀቡበት።»

ሳምንቱን ሙሉ ሠራች። የድንጋዩን ሽበት በሽቦ ቡርሽ ፋቀች፣ አደረቀች፣ ደጋግማ ቀባች። ቅዳሜ ጠዋት ሥራዋን ጨርሳ የጎረቤት መስኮት ልትቀባ ሄደች።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ጡረታ የወጡ ሁለት ነርሶች ነበሩ። የቡርሼ አማት ሕፃኗን ታቅፈው ከደጃፍ ቆመው አገኟቸውና አዘኑላቸው።

«ልጆቼ፣ ጉልበታችሁን ካልጠላችሁት ውሃውን አስቀድሙ። እሱ ሜዳ ነው። ኮረብታውን ሲደክማችሁ ትተዉታላችሁ።»

ነርሶቹ ስቀው ወደ ውሃው አመሩ።

ረፋዱ ላይ ጉም ወረደ። ቡርሼ ቡርሿን አስቀምጣ ወደ ቤት መጣች።

«እማማ፣ ሴቶቹ የት ደረሱ?»

«በውሃው በኩል ላክኋቸው። ደጋግ ሴቶች ናቸው።»

በዚያ መንደር ኮረብታውን ከውሃው ጀምሮ የዞረ ሰው የለም። ከብት ጠዋት ሽቅብ ለግጦሽ ይወጣል፣ ቀትር ላይ ለውሃ ይወርዳል፤ ሰውም ከሕፃንነቱ ጀምሮ የከብቱን ጭራ ተከትሎ ነው መንገዱን የሚያውቀው። እሷም ድንጋዮቹን ሁሉ የቀባችው ኮረብታውን አስቀድሞ ለሚመጣ ሰው በሚታየው ፊታቸው ነበር። ከውሃው ለሚመጣ ሰው ድንጋይ ድንጋይ ነው።

«በአንድ ጉንጫቸው ብቻ ነው የቀባኋቸው» አለች።

«ታዲያ በሌላውም ቀቢያቸዋ» አሉ አማቷ፣ ነገሩ ሳይገባቸው።

እርጥብ ድንጋይ ቀለም አይቀበልም። ስለዚህ ነጭ አሮጌ አንሶላ ቀዳደደች፣ ቁራጮቹን በከረጢት አጨቀችና ወደ ግድቡ ገሠገሠች። ምልክት ያለበት ድንጋይ ጋ ስትደርስ ጨርቅ ታስቀምጣለች፣ ጠጠር ትጭንበታለች፣ ታልፋለች። መንገዱ ከውሃው ተለይቶ ኮረብታውን የሚይዝበት መንታ መንገድ ላይ ግን ቆመች። ተወልዳ ያደገችበት ኮረብታ በዚህ በኩል ሌላ ሰው መሰላት። ግራ ይሁን ቀኝ ጠፋት። አንዱን ይዛ ጥቂት ሄዳ ወደ ኋላዋ ዞር ስትል ነው የገዛ እጇን ሥራ ያየችውና መንገዷን ያገኘችው።

ሽቅብ ትንሽ እንደወጣች ሳቅ ሰማች። ሁለቱ ነርሶች ከአለት ሥር ተቀምጠው አንዷ የሌላዋን አንገት ታሻለች።

«ደኅና ናችሁ?»

«ደኅና ነን የኔ ልጅ» አለች ረጅሟ። «መጀመሪያ ጠፋን ብለን ነበር። ኋላ እሷ ለመመለስ ብላ ዞር ስትል ነጩን አየች። ከዚያ ወዲህ አንዳችን ወደፊት እንሄዳለን፣ አንዳችን ዞረን እናያለን።»

«ማነው ግን የቀባው?» አለች አንገቷ የምትታሸዋ። «ሥራው ያምራል፤ ለሰው አንገት ግን አያዝንም።»

«እኔ ነኝ» አለች ቡርሼ፤ መሳቅ ስላማራት ሳቀች። የቀረውን መንገድ እየመራች በኮረብታው አናት አዙራ አወረደቻቸው።

ዳቦ ጋጋሪው ከመንደሩ መግቢያ ሰው ሰብስበው ለፍለጋ ሊወጡ ሲሉ ሦስቱ ሴቶች ደረሱ። ቡርሼ ሰውየው ሳይጠይቋት ስሕተቷን ከነምክንያቱ ነገረቻቸው።

«እሺ፤ እንግዶቹ ጠፍተዋል ወይስ አልጠፉም?» አሉ።

«አልጠፋንም» አለች ረጅሟ ነርስ። «ቀለሙ ባይኖር ግን እስካሁን ውሃው ዳር ነበርን።»

ሊቀመንበሩ አገጫቸውን አሹ። «ሥራው ያንቺ ነው። ግን ድንጋዩ በሁለቱም በኩል ይቀባ፤ ከዚያ መንገዱን የማያውቅ ሰው ከውሃው ጀምሮ ይዙርልኝ። እኔና አንቺ እናውቀዋለን፤ እኛ ምስክር አንሆንም።»

በመንደሩ መንገዱን የማያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው። አማቷ በሙሽርነት ከቆላ መጥተው ያንን ኮረብታ እስከ ዛሬ ከደጃፋቸው ነው የሚያዩት።

ድንጋዩ ደርቆ ሌላኛው ጉንጩም ከተቀባ በኋላ ቡርሼ ልጇን አዝላ፣ አማቷን አስቀድማ ወጣች። አማቷ ግድቡን እስኪያልፉ ድረስ ስለ ጉልበታቸው አወሩ። መንታው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«በየት ነው?»

ቡርሼ ዝም አለች።

«ድሮም ለኔ ንፉግ ነሽ» አሉ። ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ፣ ከዚያ ምርኩዛቸውን ወደ ነጩ ድንጋይ ቀስረው ሽቅብ ማዝገም ጀመሩ።