መርፌ የማይነካው ቀኝ እጅ

«ምስማር የምትመቺብኝ አጣና ነኝ እንዴ? ብሞትም ከእንግዲህ አልወጋም!» ብለው ቄስ ምስጋኑ ኢንሱሊን ይዛ የቀረበችውን ሚስታቸውን አሰለችን አባረሯት።

ስኳር ከያዛቸው ወዲህ የሚወጉት ግራ ክንዳቸውን ብቻ ነው። ቀኙ መስቀል የሚያሳልም ነውና መርፌ አይነካውም። ግራው ግን እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

አሰለች እያለቀሰች የጤና ጣቢያውን ነርስ ብርቅዬን ጠርታ መጣች።

«አባ፣ ሆድዎስ ያሳልማል?» አለች ብርቅዬ።

«ምን ያሳልማል! ይጾማል እንጂ።»

«እንግዲያው ሆድዎን እንውጋ።» ከውሃ እንስራ ሥር ሲቀዘቅዝ የዋለውን መድኃኒት በመዳፏ ይዛ አሞቀችና በአዲስ መርፌ ወጋቻቸው።

ቄሱ ለመጮህ የከፈቱትን አፍ ሳይጮሁበት ዘጉት።

«ሁልጊዜ አዲስ መርፌ ይሁን፤ ተደጋግሞ የዶለዶመው ነው ያሰቃየዎ» አለች።

አሰለች ለወሩ የሚበቃ መርፌ ልትገዛ ፋርማሲ ወረደች። ዋጋውን ስትሰማ ግን የአንድ መርፌ ብቻ ከፍላ ወጣች።