ለጥቅምት ማርያም የደረሰ አበባ

ታንጉት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት በኪራይ ስትኖር የክፍሏ ጠባብነት አላስመረራትም። ጠባብነት ይለመዳል። ሳትለምደው የቀረችው ነገር ቢኖር የማርያም ጽዋ ተራዋ በደረሰ ቁጥር በሰው ቤት መደገሷን ነው። አከራዮቿ ግቢያቸው ውስጥ ሰው ሲበዛ አይወዱም። ስለዚህ እንስራዋን ተሸክማ ወደ አንዷ ማኅበርተኛ ቤት ትሄዳለች፤ እዚያ ታሰናዳለች፣ እዚያ ታስተናግዳለች፣ ሰው ሲበተን የሰውን ቤት ጠርጋ ትመለሳለች። መጥረግስ ሥራዋ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ መጥረጊያ ከያዘች ወዲህ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስትጠርግ ወጣትነቷ አልፏል።

አንድ ዓመት ታዲያ ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴዋ እትዬ ንግሥቴ በጨዋታ መሃል፣ የታንጉት ጽዋ እንደ ቆሎ ተማሪ በየሰው ደጅ ይዞራል አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ታንጉትም አብራ ሳቀች፤ ድሃ በራሱ ላይ ሲሳቅ ካልሳቀ ኩሩ ይባላል። ያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ ተሳለች። የራሷ በር ቢኖራት የመጀመሪያውን ጽዋ በአበባ መሃል አሳልፋ ልታስገባ። አበባውም ከሰው የተለመነ ሳይሆን ከገዛ መሬቷ የበቀለ ሊሆን።

ስለት መሳል ቀላል ነው። ስምንት ዓመት አለፈ፤ እሷም የረሳችው መስሏት ነበር። በስምንተኛው ዓመት ግንቦት ላይ በሠራተኞች የቤት ማኅበር የደረሳት መሬት ላይ አንዲት ባለ ቆርቆሮ ክፍል ቆመች። በዚያው ሰሞን የጽዋ ተራ ሲደለደል ለእሷ ጥቅምት ሃያ አንድ ወጣላት። ወርኃ ጽጌ ነው፤ ካህናቱ ሌሊቱን ስለ አበባ ሲያዜሙ የሚያድሩበት ወቅት። እመቤቴ ስለቴን አልረሳችውም አለች በልቧ።

ግቢው ግን አበባ የሚያበቅል አይመስልም ነበር። ከመጸዳጃው ጉድጓድ የወጣው ቀይ አፈር እንደ መቃብር ተቆልሏል፤ የሲሚንቶ ከረጢት ቅዳጅ፣ የድንጋይ ፍንካች፣ ዝገት የበላው ሽቦ ተበትኗል። ቁልሉን በትርፍ ጊዜዋ እየዛቀች ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ከዚያ ምን ልትከል የሚለው መጣ።

በመሥሪያ ቤቷ ክንፈሚካኤል የሚባል አትክልተኛ አለ። ለኃላፊው ሚስት እንኳ ቀንበጥ ቆርጦ አይሰጥም ይባላል። ታንጉት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አበባ መደቡን አንድ ቀን ሳትረግጥ ዙሪያውን ጠርጋለታለች፤ ከዚያ በላይ ተነጋግረው አያውቁም። ሄዳ ጉዳይዋን ስትነግረው ምን ዓይነት አበባ እንደምትወድ አልጠየቃትም።

«ቀኑን ንገሪኝ» አላት።

«ጥቅምት ሃያ አንድ።»

ጣቱን አጥፎ ቆጠረ። አደይ ለዕንቁጣጣሽ ትደምቃለች፣ መስቀል ካለፈ ግን ለጥቅምት መጨረሻ አትጠብቅም አላት። ጽጌረዳ ዘንድሮ ሥር ከያዘች ይበቃታል፣ ከርሞ እንጂ አታብብም። ዝናቡ ሊወጣ ሲል የምታብብ፣ ውርጭ እስኪመታት የምትቆይ ዳሊያ ናት የምትሻለው። ይህን ብሎ ገባና እንደ ድንች ያሉ ሦስት ሥሮች በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣላት። ከላዩ ስሟን ራሱም የማያውቃት፣ ቀጭን ሆና የምትወዛወዝ ሐምራዊ አበባ ዘር ቆንጥሮ ጨመረላት። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ይህን ሲሰማ ተገረመ።

እሷ ደግሞ ከወንድሟ ሚስት ጓሮ ያመጣችውን እንሶስላ በቤቱ ጥላ በኩል ተከለች። እንሶስላን ሰው ለሥሯ ነው የሚፈልጋት፤ ተወቅጣ እጅና እግር ታቀላለች። ታንጉት ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አበባዋን ነበር የምትወደው፣ ነጭ ሆና ጉሮሮዋ ወይን ጠጅ የሆነውን። አደይንም ቢሆን አልተወቻትም፤ ለአዲስ ዓመት ብላ በአጥሩ ሥር በተነቻት።

ክረምቱ ገባ። የተተከለውም ያልተተከለውም እኩል በቀለ። ታንጉት ከቡቃያው የቱ አበባ የቱ አረም እንደሆነ አልለይ ስላላት አንዱንም አልነካችም። ነሐሴ ላይ ግቢው እስከ ጉልበት ደረሰ። በየማለዳው ከሥራ በፊት ጎንበስ ብላ ታየዋለች፤ ዳሊያዎቹ እንቡጥ ሊይዙ ምንም አልቀራቸውም።

ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ ታላቅ ወንድሟ ዳኘው አዲሱን ቤት ሊያይ ከቡሬ ገጠር መጣ። ዳኘው በአገሩ ማሳው ላይ አረም ታይቶበት የማያውቅ ገበሬ ነው። ማለዳ ሲነሣ እህቱ ሥራ ሄዳለች። በሩን ከፍቶ ግቢውን አየና ደነገጠ። ጎረቤት በአጥር በኩል ያያል። ወንድም የሌላት ይመስል እህቱ በአረም ተውጣለች። ነጠላውን አውልቆ ዶማ ፈለገ።

ታንጉት ለምሳ ስትመለስ መጀመሪያ በር የተሳሳተች መሰላት። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኖ ተኝቷል፤ አንድ ሣር የለበትም። የተነቀለው ከደጅ ውጭ ተቆልሎ የጎረቤት ላም ትበላዋለች። ከቤቱ ጥላ እንሶስላዋ ብቻ ቆማለች፣ ከሚስቱ ጓሮ ስለሚያውቃት ምሯታል። ዳኘው ላቡን እየጠረገ ቆሞ ነበር።

«አሁን ገና የሰው ግቢ መሰለ» አላት።

ታንጉት ደጁ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም፤ መጮህም አቅም ይጠይቃል። ስለቱን፣ የንግሥቴን ቀልድ፣ የአትክልተኛውን ሦስት ሥሮች አንድ በአንድ ነገረችው። ዳኘው ወደ ቁልሉ ሄደና በዶማ የተሰነጠቀ የዳሊያ ሥር አንሥቶ ለረጅም ጊዜ አገላበጠው።

«ድንች መስሎኝ» አለ። «የበሰበሰ ድንች መስሎኝ።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ጋሼ። የእኔ ነገር ድሮም እንዲህ ነው። ይግቡና ምሳ ይብሉ።»

አልበላም። ነጠላውን ለብሶ ወጣና ወደ ቡሬ የሚሄድ መኪና ያዘ።

በሦስተኛው ቀን ትንሽ ስልቻ ይዞ ተመለሰ። ፈትቶ አሳያት፤ ኑግ ነው። ጥቁር፣ ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ። ይህኛው ውኃ በተኛበት መሬት ዝናቡ ሊያባራ ሲል የሚዘሩት ዓይነት ነው አላት፤ ዘግይቶ ይዘራል፣ ፈጥኖ ያብባል። ታንጉት ራሷን ነቀነቀች። ኑግ የዘይት እህል ነው፤ ከተማ ውስጥ ማን ግቢው ላይ ኑግ ይዘራል? ሰው ማሳ ውስጥ ገባን እያለ ሊስቅባት ነው። ዳኘውም አልተከራከራትም፤ ስልቻውን በሩ ሥር አስቀመጠው።

ባዶውን ግቢ አየች። በጥቅምት ቡሬ ስትወርድ በመኪና መስኮት የምታየው ታወሳት፤ ዳገቱ ሁሉ ቢጫ፣ ዓይን እስኪያጭበረብር። ያን ጊዜ ሁሉ አበባ ነው ብላ አስባ አታውቅም፤ የሰው እህል ነው። ስለቷ ግን አበባ አለ እንጂ የሀብታም አበባ አላለም።

«ከበሩ እስከ ቤቱ መንገድ ይተዉልኝ» አለችው።

ዳኘው አፈሩን አለሰለሰ። ዘሩን ሊበትን እጁን ሲዘረጋ ግን ቆመ። በአገራቸው ዘር የሚዘራው የወንድ እጅ ነው፤ ታንጉት ገበሬ ቤት አድጋ አንድ ቀን ዘር በትና አታውቅም። ስልቻውን አቀበላት።

«መሬቱ ያንቺ ነው፤ እጁም ያንቺ ይሁን። ከእጅ አንጓሽ ወርውሪው፣ አትፍሪው።»

የመጀመሪያው እፍኝ አንድ ቦታ ተከመረ። ሁለተኛው ትንሽ ተበተነ። በአራተኛው እጇ ለመደ፤ ዘሩ እንደ ጉም ተዘርግቶ ሲወርድ ዳኘው ወደ ኋላ ብሎ አያት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ረጅም ነው። ዕንቁጣጣሽ መጣ፣ የሰው አጥር ሁሉ አደይ ሆነ፤ የእሷ ግቢ አረንጓዴ። መስቀል አለፈ፤ አሁንም አረንጓዴ። ጎረቤቶቿ ዘይት መጭመቂያውን መቼ ልታስገቢ ነው እያሉ አሾፉባት። ክንፈሚካኤል ስለ ዳሊያዎቹ ጠይቆ እውነቱን ስትነግረው አንድ ሳምንት አላናገራትም። ጥቅምት ዐሥር ላይ እንቡጥ ያዘ፤ ግን ተዘግቶ ቆየ። ታንጉት ለመሸነፍ ተዘጋጅታ ነበር፤ መሸነፍ ለእሷ አዲስ አይደለም።

ጥቅምት ዐሥራ ስምንት ማለዳ በሩን ስትከፍት ብርሃን ተቀበላት። ሌሊቱን የፈነዳ ነው። ግቢው ከአጥር እስከ አጥር፣ እስከ ወገቧ ድረስ ቢጫ ሆኖ ቆሟል፤ በጥላው በኩል እንሶስላዋ በነጭ ትስቃለች። እጇ ያመነታበት የመጀመሪያው እፍኝ እንኳ ከሁሉ ጠቅጠቅ ብሎ በቅሏል። የዚያን ቀን ከሥራ ሲወጣ ክንፈሚካኤል በአጥሯ በኩል አለፈና ቆመ። ማን መረጠልሽ አላት። ወንድሜ አጠፋው፣ እኔ ዘራሁት አለችው። አትክልተኛው ኮፍያውን አውልቆ ጥቂት ቆየና ሄደ።

ሃያ አንድ ደረሰ። በማኅበሩ ልማድ ጽዋው ካለፈው ባለተራ ቤት ተነሥቶ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእልልታ ይመጣል፤ የሚይዙት እትዬ ንግሥቴ ናቸው። እልልታው ከደጅ ሲደርስ በድንገት ተቋረጠ። ታንጉት ወደ በሩ ሮጠች። ሴቶቹ በሩ ላይ ተገትረዋል። ኑጉ ውስጥ ንብ ገብቶበታል፤ የሰፈሩ ንብ ሁሉ ተጠርቶ የመጣ ይመስል ግቢው ይዘምራል። ንግሥቴ ጽዋውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው አንድ እግራቸውን ወደፊት፣ አንዱን ወደኋላ አድርገዋል።

«ቀስ ብለው ይግቡ፣ እትዬ» አለ ለድግሱ ከቡሬ የመጣው ዳኘው ከውስጥ። «ሥራ ላይ ናቸው፤ ሥራ የያዘ ሰው አይነካም።»

ንግሥቴ በተተወው መንገድ ገቡ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ አበባው በግራም በቀኝም ቀሚሳቸውን እየዳበሰ የጽዋውን ልብስ በቢጫ ብናኝ ቀባው። መሃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሁሉም ቆመ። አሮጊቷ ዙሪያውን አዩ፤ ዓይናቸው ታንጉት ላይ ሲያርፍ ያችን የድሮ ቀልዳቸውን እንዳስታወሱ ፊታቸው ላይ ታየ።

«ታንጉት» አሉ፣ «ሃያ ዓመት በሰው ደጅ ያዞርነው ጽዋ ዛሬ ቤቱ ገባ። ይቅር በይኝ።»

እልልታው እንደገና ተነሣ፤ ንቦቹም አልተቆጡም። ታንጉት ጽዋውን በራሷ ደጃፍ ላይ፣ በራሷ እጅ ተቀበለች።

ሰው ሲበተን ሁሉም ተጋግዘው ሊጠርጉላት ሲነሡ ከለከለቻቸው። ይህን ቤት ብቻዋን መጥረግ ፈለገች። ንግሥቴ ከሁሉ በኋላ ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሲደርቅ ለእኔም አንድ እፍኝ ዘር ታስቀሪልኛለሽ፣ ለከርሞ ግቢዬ ላይ ልሞክረው አሉ።

«አስቀርልዎታለሁ» አለች ታንጉት። «ግን ወንድምዎ መጥቶ እንዳያርመው ይንገሩት።»

ዳኘው ከውስጥ ሰምቶ ጉሮሮውን ጠረገ።