ቡሬ ዘግይቼ የደረስሁበት ቀን

ይህ የሆነው አምና ኅዳር ላይ ነው፤ ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን። የፍኖተ ሰላም መናኸሪያን ባለፍሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ስለዚህ ጻፍሁት። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነውና ስሕተቴን እለፉልኝ።

ጧት የእህቴ ልጅ ከቡሬ ደወለ። «ጋሼ፣ እማዬን አሟታልና ቶሎ ይድረሱ» አለኝ። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ ይህችው እህቴ ነች።

ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ገባሁ። ተራው የአንድ አሮጌ አውቶቡስ ነበር። እኛ ዘንድ ባለተራው ሳይሞላ ሌላው አይጭንም። ረዳቱ «አሁን ነው የምንወጣው» አለኝ፤ ተቀመጥሁ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። ሲሞላ ደግሞ ሹፌሩ ቁርስ ላይ ነው አሉን።

አጠገቤ የነበረች ነጋዴ «አባባ፣ ታማሚ ካለብዎ ወርደው አስፋልቱ ላይ አላፊ መኪና ይያዙ» አለችኝ።

«አልወርድም! ቀድሜ የያዝሁትን ወንበር ለማን ብዬ?» አልኋት።

ረዳቱ ሰምቶ «አባባ፣ በዚህ ቁጣዎ ሞተሩን ቢያስነሡልን!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያ ሳቄ ዛሬም ይቆጨኛል።

አምስት ሰዓት ወጣን። ማንኩሳ ላይ ደግሞ ጆንያ ሊጭኑ ቆሙ።

ቡሬ ስደርስ ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አገኘሁት። ለካ ጎህ ሲቀድ አርፋ ኖሯል። ሞት በስልክ አይነገርም ብለው ነው ታማለች ያሉኝ።

የእህቴ ልጅ እግሬ ላይ ወድቆ «ጋሼ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅንዎ እኮ! ካህናቱን ለመንናቸው እኮ!» እያለ አለቀሰ።

ሰልስቷ እንዳለፈ ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ሄድሁ። ጸሐፊዋ «ታርጋውን ይዘዋል?» አለችኝ።

«የገብርኤል ሥዕል መስታወቱ ላይ አለ» አልኋት።

«አባባ፣ ሥዕሉማ ስንቱ ላይ አለ! ታርጋውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይዘው እዚያው መናኸሪያው ላይ ማመልከት ነበረብዎ።» ቢሆንም ደኅና ልጅ ነች፤ የነገርኋትን ሁሉ ጻፈች። በመጨረሻ «ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ?» ብላ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀችኝ።

የፈለግሁትማ የእህቴን ፊት አንድ ጊዜ ማየት ነበር። «ሌላውን ሰው እንዳያዘገዩ» ብያት ወጣሁ።

አሁን ከመሳፈሬ በፊት ታርጋውን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ረዳቶቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ከቡሬ ግን ቶሎ ድረስ የሚለኝ ከእንግዲህ የለም።