አንገት ደፊው አበባ

መሃል ከተማ፣ የሠርግ ዲኮር የሚያከራይ ሱቅ በር ላይ የተገተረ ቀይ የፕላስቲክ አበባ አይቼ አናደደኝ፤ ፎቶ አንስቼ ስፈልገው ስልኬ «ፖፒ ነው» አለኝ፣ እኛ ግን በልጅነታችን ስሙን ስለማናውቅ «አንገት ደፊው» ነበር የምንለው።

ዘሩን ያመጡት አንድ ግቢ አብረውን የተከራዩት እትዬ በላይነሽ ነበሩ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይዘሩታል፤ ከዚያ ፀጉራም እንቡጡ በቀጭን አንገቱ ተንጠልጥሎ መሬት መሬት ሲያይ ይሰነብትና፣ አንድ ጠዋት ከሰፈራችን በታች ካለው ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ ገና ሳይሞቅ ቀና ብሎ አረንጓዴ ቆቡን ይጥላል፣ ሻንጣ ውስጥ እንደከረመ ሐር ጭምድድ ያለ ቅላቱን ቀስ እያለ ሲዘረጋ እኔና ታላቅ እህቴ ትዕግሥት ፊታችንን ሳንታጠብ ቁጭ ብለን እናየዋለን። ቢበዛ እስከ ማግስቱ ነው ዕድሜው። ሲረግፍ ደግሞ ክዳን ያላት ትንሽ ማሰሮ የመሰለች የዘር ቤቱን እንደ ጸናጽል እያንሿሿን እንጫወትባታለን።

እናቴ አበባውን የምትወደው ትዕግሥትን ስለሚመስል ነው፤ እሷ አንገቷን የደፋች ልጅ፣ እኔ ጡሩምባ። እትዬ በላይነሽ ይሄን ሲሰሙ «ኧረ አንቺ፣ እሱ የሚደፋው እስኪፈነዳ ነው እኮ!» ብለው ይስቁባታል።

ትዕግሥት አስራ አንደኛ ክፍል ሳለች ሽማግሌ ተላከባት። ነርስ መሆን እንደምትፈልግ የነገረችው ለእኔ ብቻ ነበር። እናቴ፣ ይረግፋል እያልኳት፣ አበባውን ሁሉ ቆርጣ ጠረጴዛው ላይ ሰካችው፤ ሽማግሌዎቹ ስለላካቸው ልጅ ሱቅ አውርተው ሳይጨርሱ ረግፎ፣ አንዱ አዛውንት ከለስላሳቸው ውስጥ በጣታቸው ሲያወጡ ነበር። ትዕግሥት ስትጠየቅ ዝም አለች።

«ዝምታ እሺታ ነው» አሉ።

«አትፈልግም! መማር ነው የምትፈልገው!» ብዬ ከጓዳ ጮህኩ።

«ይቺ ጡሩምባ!» ብላ እናቴ ሳቀች፣ ሽማግሌዎቹም ሳቁ፣ ትዕግሥትም፣ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ አብራ ሳቀች።

ትማራለች ተብሎ ነበር የተዳረችው። አሁን መናኸሪያ አካባቢ የባሏ ሱቅ ውስጥ ጫማ ትሸጣለች። ለምን እንደሳቀች ብጠይቃት «ምን ልበል ታዲያ?» ብላ ጫማውን መደርደር ቀጠለች። ግቢያችን ፈርሶ ፎቅ በቅሎበታል፣ እትዬ በላይነሽ የት እንደገቡ አላውቅም፣ እናቴም «ልጄን በወግ ዳርኩ» እንዳለች ሞተች። የምጣላው ሰው አጣሁ። የቀረችኝ ትዕግሥት ናት፤ እሷ ደግሞ መጣላት አታውቅበትም።