ሁለት ካሜራ፣ አንድ መደብ

ሌንሱ የሚፈታ ዲጂታል ካሜራ ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ሰቆጣ ላይ የነበረን እኔና ጓደኛዬ ካሳ ብቻ ነበርን። «የኔን ጨለማ አይበግረውም» ስለው፣ «የኔ ፊት አይስትም» ይለኛል። ጭቅጭቁ ሲሰለቸን አንድ ሰው በሁለቱም አንስተን ልንለይ አምደወርቅ ሄድን።

አንዲት አዛውንት ደጃቸው ካለው መደብ ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ እሺ አሉን።

«እማማ፣ ወደ መሃል ጠጋ ይበሉ» አልኳቸው።

«አይሆንም። ይሄ ዓረብ አገር የሄደው ልጄ ቦታ ነው፤ እስኪመጣ ማንም አይቀመጥበትም።»

ካሜራዬን ፊታቸው ላይ ደገንኩ። ካሜራው አጥርቶ የሚያነሳውን የምታሳየው ቀይዋ የፎከስ ነጥብ ግን እሳቸውን ትታ ባዶው ቦታ ላይ ሄዳ ጢጥ አለች።

ካሳ ከት ብሎ ሳቀ። «ያንተ ካሜራ ፊት መች ይለያል!» ብሎ የራሱን አነሳ።

ጢጥ። እሱም ባዶው ላይ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

ሁለታችንም ሌንስ ቀየርን፤ ያው ነው። ፎቶዎቹን አጉልተን አየናቸው። እማማ ደብዝዘዋል፣ ከኋላቸው ያለው ግድግዳም ደብዝዟል። ካሜራዎቹ አጥርተው ያነሱት ከጎናቸው ያለውን አየር ነው። ካሜራዎቻችንን ተለዋውጠን ደግመን አየን።

እማማ ፈገግ እንዳሉ ጠየቁን፦

«ምነው ዝም አላችሁ ልጆቼ? በጣም ከስቷል እንዴ?»