አባቴ የማያውቃት ፍየል

ልጅ እያለሁ ከሽሮ ሜዳ እስከ ሸጎሌ እኔን የሚያህል አስተርጓሚ አልነበረም። ሰባት ቋንቋ አውቃለሁ ብዬ ለሰፈሩ ልጆች አውጄ ነበር። እውነቱን ለመናገር የማውቀው አማርኛ ነው፤ ከአባቴ ቋንቋ ደግሞ «ና ብላ» እና «ዝም በል» የሚሉትን ሁለቱን። ሁለተኛውን እንኳ ታዝዤው አላውቅም።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ከደቡብ ደጋ መጥቶ፣ ከቁስቋም ዝቅ ብላ በምትገኘው ቤታችን፣ በሩ አጠገብ በተቆፈረች ጉድጓድ እግሩን ከትቶ ሲሸምን ይውላል። ቤቱ አዲስ ጥጥ ጥጥ ይሸታል፤ ደጁ ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር አባቴ በቋንቋው አንድ ዘፈን ያነሳል። ረጅም፣ የሚጎተት፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ የሚሰነጠቅ ዘፈን። እጁ ላይ ያለው መወርወሪያ እንኳ ያኔ ቀስ ይላል።

ደጅ የካልሲ ኳስ ስንራገጥ ይሰማናል። አንድ ቀን ጎረቤቴ ታምሩ ኳሷን በእግሩ አቁሞ «አባትህን ምጥ ያዘው እንዴ?» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። በዚያ ዘመን የሸማኔ ልጅ መባል ብቻውን ስድብ ነበር፤ ምጥ ሲጨመርበት አልቻልኩም።

«አንተ ምን ታውቃለህ፣ ዘፈኑ እኮ ቀልድ ነው» አልኩት። «ልተርጉምልህ?»

ተረጎምኩለት። ሰውዬው የሚያለቅሰው ፍየሉ ጠፍታበት ነው፤ የጠፋችው ደግሞ ሱሪውን በልታ ስለሆነ ወጥቶ ሊፈልጋት አይችልም። ታምሩ ሆዱን ይዞ ጭቃው ላይ ተንከባለለ። ሳምንት ሳይሞላ በአባቴ ዜማ ለፍየሏ ግጥም ገጠምኩላት፦

«ፍየሌ ሆይ፣ የት ሄድሽብኝ፣
ሱሪዬን እንኳ ትፊልኝ።»

አንድ የነሐሴ ቀን፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ በራችን ላይ ተሰልፈን አንድ ላይ ለቀቅነው። ሃምሳ ልጅ ነበርን እላለሁ ሳወራ፤ ስድስት ነበርን። ውስጥ መወርወሪያው ቆመ። አባቴ ወጣ፤ ጉልበቱ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበር።

«ማነው የተረጎመው?» አለ።

አምስቱም በኩራት ወደ እኔ ጠቆሙ። ትንሽ አየኝና «ጎበዝ» ብሎ ተመልሶ ገባ። ከዚያ ቀን በኋላ ከቤታችን የሚሰማው የመሸመኛው ቀጭ ቀጭ ብቻ ሆነ።

በማግስቱ እናቴ ጆሮዬን ጠምዝዛ ነገረችኝ። አባቴ ገና ጎረምሳ ሳለ ገበያ በወረደበት ቀን፣ ዝናብ የጠጣው ተራራ ተንዶ እናቱንና ሁለት እህቶቹን ከነቤታቸው ቀበራቸው። ዘፈኑን ያወጣው ራሱ ነው። «አንተ ተራራ» ይላል፣ «ጋቢ እኔ ልሸምንላቸው አልነበር? ምን አስቸኮለህና ጭቃ አለበስካቸው?» ከዚያ በየስማቸው ይጠራቸዋል። ድምፁ የሚሰነጠቀው የታናሿ ስም ጋ ሲደርስ ነው።

ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ነገ፣ ነገ ስል አርባ ዓመት ሆነ።

ዘንድሮ ክረምት ቴሌቪዥኑ ደቡብ ውስጥ ተራራ ተንዶ ሰዎች በእጃቸው ጭቃ ሲምሱ አሳየ። አባቴ አርጅቷል፤ ሽመናውንም ከተወ ቆይቷል። ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ፣ ማንም ሳያስበው፣ ያንን ዘፈን ጀመረው። ልጄ አጠገቡ ነበረች።

«ምን ማለት ነው አባባ?»

«አባትሽን ጠይቂው» አላት ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ። «አስተርጓሚዬ እሱ ነው።»

እናቴ የነገረችኝን አንድም ሳልጨምር ነገርኳት። ሳልጨምር ሳወራ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ልጄ ስልኳን አወጣችና «በቃ አብረኸው ዝፈን፣ ልቅረጻችሁ» አለችኝ።

ድሮ ማንም ሳይጠይቀኝ እዘፍነው ነበር። አሁን አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፤ የአባቴን ቋንቋ አላውቅም፤ የእነዚያን የሁለት አክስቶቼን ስም እንኳ ጠይቄው አላውቅም። ከዚያ ዘፈን በቃሌ የያዝኩት ፍየሏን ብቻ ነው።