«ወርደን እንየው» ይሉ የነበሩት ሾፌር

አይሆንም። ተሳስተሃል አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ከቦኖሻ ደውሎ «እማዬ፣ ጋሽ ሎምባሞ አረፉ» ሲለኝ «የትኛው ሎምባሞ?» ብዬ ጠየቅኩት። የትኛው እንደሆኑ አሳምሬ እያወቅኩ። ይህን የምጽፈው ስልኩን እንደዘጋሁ ነው። ስህተት ብጽፍ እለፉልኝ።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ሎምባሞ በጃንሆይ ጊዜ ከሆሳዕና ቦኖሻ በሎንችና አውቶቡስ ሰው የሚያመላልሱ ሾፌር ነበሩ። እኔን ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በርዕሰ መምህርነቴ ነው። «ሰው መምራት ከየት ተማርሽ?» ስትሉኝ የወሰድኳቸውን ሥልጠናዎች ስቆጥርላችሁ ኖሬያለሁ። ዋሽቻችኋለሁ። የተማርኩት ወንዝ ዳር ነው፣ ያውም እየተሳደብኩ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቦኖሻ ትምህርት ቤት ተቀጥሬ፣ ቀርቤ የምፈርምበት የመጨረሻው ቀን ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረስኩ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። አባቴ ደግሞ ቁርጡን ነግሮኛል፤ ይህ ሥራ ካልሆነ ቤታችን ለተላኩት ሽማግሌዎች እሺ ሊላቸው ነው። ሊድሩኝ ያሰቡትን ሰውዬ በዓይኔ እንኳን አይቼው አላውቅም።

መንገድ ላይ ያለው ወንዝ ያኔ ድልድይ የለውም፤ መኪና ውሃው ውስጥ ገብቶ ነው የሚሻገረው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሌሊቱን ግን ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ደፍርሶ፣ ሞልቶ ይወርዳል። ጋሽ ሎምባሞ ሞተሩን አጠፉና ሁልጊዜ የሚሏትን አሉ።

«ወርደን እንየው።»

ሰው ሁሉ ወረደ። እኔ እምቢ አልኩ። አምስት ሰዓት ሆኗል፤ ሥራዬ፣ አባቴ፣ ያ የማላውቀው ሰውዬ በዓይኔ ላይ ይመላለሳሉ። አንገቴን በመስኮት አወጣሁና ሁሉም እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ «ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል!» አልኩ።

ሰው ሳቀ።

እሳቸው አልተቆጡም። ወደ መስኮቱ መጥተው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ይንቀጠቀጣል።

«እይው፣ ፈርቻለሁ» አሉኝ። «ብቻዬን ብሆን እገባበት ነበር። ያስፈራኝ እናንተን መጫኔ ነው። አንቺስ እህቴ፣ አልፈራሽም?»

«እኔ? አልፈራሁም!»

«ጎሽ። ቢሆንም ውረጂ።»

ወረድኩ። ስንት ዓመት በዚያ መንገድ የነዱ ሰው አንድ ሽማግሌ ገበሬ አጠገብ ቁጢጥ ብለው በሀዲይኛ «አንተ ምን ትላለህ?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው «ድንጋዩ ይጮሃል። እስኪተኛ ጠብቅ» አላቸው። ያኔ ሁላችንም ጆሯችንን ሰጠን። ከውሃው ሥር ትልልቅ ድንጋይ እየተንከባለለ ይጋጫል። ድምፁ ከመሬቱ በእግሬ በኩል ይሰማኝ ነበር።

ጠበቅን። ስድስት ሰዓት አለፈ። ለሥራዬ እያለቀስኩ ሳለ አንድ ትልቅ ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ መጣ፤ ልክ እኛ ልንሻገርበት በነበረው ቦታ ላይ ተገለባብጦ አለፈ። ከጎኔ የነበረች ሴትዮ «ጌታ ሆይ» ብላ ክንዴን ጨመቀችው። ወደ እኔ የዞረ ሰው አልነበረም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የተሻገርነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እሳቸው አስቀድመው ውሃውን በእግራቸው ገብተው ካዩት በኋላ ነው። ጋሽ ሎምባሞ ሱሪያቸው እስከ ጭናቸው ጭቃ እንደሆነ አብረውኝ ቢሮ ገቡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ለዳይሬክተሩ «ያዘገየኋት እኔ ነኝ፤ ጥፋት ካለ የኔ ነው» አሉ። ስለ ስድቤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ዳይሬክተሩ እኔን አየ፣ ጭቃውን አየ፣ ከዚያ እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ፈረምኩ። ቀና ስል እሳቸው ወጥተዋል።

ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን በሙሉ ይቺን ቃል ስበላባት ኖርኩ። መምህር ተቆጥቶ «ይህ ልጅ ይባረርልኝ» ሲለኝ «ወርደን እንየው» ብዬ ክፍል ድረስ እሄዳለሁ፣ ልጁንም እጠይቃለሁ። ባለቤቴ እንኳን ስንጣላ «ዛሬ አንወርድም እንዴ?» እያለ ያሾፍብኛል። ያልወረድኩባቸው ቀኖችም አሉ። አንድ ልጅ በእኔ ችኮላ ትምህርቱን አቋርጧል፤ ስሙን እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ለጋሽ ሎምባሞ ግን ይቅርታ ብያቸው አላውቅም። ለዘመን መለወጫችን ለያሆዴ እሄዳለሁ፣ ለገና እሄዳለሁ እያልኩ ስንት በዓል አለፈ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እፈራ ነበር። «አላስታውስሽም» ቢሉኝ እፈራለሁ፤ ቢያስታውሱኝ ደግሞ ይብሳል።

ጋሽ ሎምባሞ፣ ነገ ልሸኝዎት ስመጣ በዚያው ወንዝ ነው የማልፈው። አሁን ድልድይ አለው፤ መኪናው ሁሉ ዞር ብሎ ሳያየው ያልፋል። እኔ ግን ሾፌሩን አቁም እለዋለሁ። ወርጄ አየዋለሁ።

ያን ቀን ሲጠይቁኝ «አልፈራሁም» አልኩዎት። ውሸቴን ነበር። መስኮቱን የያዘው እጄ ከእርስዎ እጅ ብሶ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንዳያዩብኝ ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኩት።

ፈርቼ ነበር፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።

በሰላም ይሻገሩ።